አባ ከዋሻው የወረዱበት ክረምት

ኮምቦልቻ ውስጥ ከምሠራበት ፋብሪካ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ሚኒባስ ቆዳ በሚከማችበት ግቢ አጠገብ ያልፋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ፣ የረጠበ ቆዳ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋል፤ ሴቱ በሻሽ፣ ወንዱ በክንዱ አፍንጫውን ይሸፍናል። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አፍንጫዬን አለመሸፈኔን አይታ፣ "አንቺ አይሸትሽም እንዴ?" አለችኝ። "ይሸተኛል" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ደስ የሚል ሽታ አይደለም። ግን የእናቴን አባት ያወቅኋቸው እዚህ ሽታ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነበር። የምንኖረው ደሴ ነው። አባቴ ሰይድ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል፣ አንዳንዴም እስከ ወልድያ፣ አይሱዙ ይነዳ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ስለጨነገፈባት ሐኪሞቹ በዚህኛው አልቀለዱም፤ አልጋ ይዛ እንድትተኛ አዘዙ። አባቴ መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ ቤት ውስጥ የሚያየኝ ሌላ ሰው የለም። አንድ ጠዋት ልብሴን በፌስታል ቋጥሮ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝና ከደሴ ዙሪያ ራቅ ወዳለ መንደር፣ የእናቴ ታላቅ እህት ጥሩነሽ ዘንድ ወሰደኝ።

አክስቴን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ከመኪና ስወርድ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና፣ "ቁርጥ እሷን!" ብላ አለቀሰች። ለአባቴ እርጎ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣና "አብሽሪ፣ ቶሎ እመጣለሁ" ብሎኝ ሄደ። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ታስጠነቅቀኝ ጀመረች።

"ስሚኝ ሉባባ። ተገዳሙ ምግብ ማመላለስ አለብኝ፤ ብቻሽን ተቤት አልተውሽም፣ ይዤሽ ነው የምወጣ። ተዚያ አንድ አባ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ አሉ። የእናትሽን ስም እንዳታነሺባቸው። የማን ልጅ ነሽ ካሉሽ የጎረቤት ልጅ ነኝ በይ።"

"ማን ናቸው?"

"አባታችን ነበሩ።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ መነኮሱ። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው። ቆብ ሲደፉ ፍትሐት ተፈትቶላቸዋል፣ ተገንዘዋል። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም።"

እኔ የሰማሁት ሞተዋል የሚለውን ብቻ ነው። ቁርዓን ቤት ሸኻችን ስለ መቃብር ነግረውን ስለነበር የሞተ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መላእክት መጥተው ይጠይቁታል። የተገነዙ፣ የተፈታላቸው፣ ምግብም የሚወጣላቸው ሰው ግን አላውቅም። የዚያን ቀን ማታ ለሞተ ሰው ምን ዓይነት ምግብ እንደሚዘጋጅ ለማየት አክስቴን ስከታተል አመሸሁ። ሽምብራ ነበር የቀቀለችው።

ገዳሙ ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ትልቅ ስም አለው፤ የአገሩ ሰው ግን ዋሻው ነው የሚለው። ቤተ ክርስቲያኑ ዓለቱ ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ግማሹ ተራራው ራሱ ነው። ሴት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትገባለች። ከጀርባ ያለውን፣ መነኮሳቱ የሚኖሩበትንና አብረው የሚመገቡበትን ቅጥር አታልፍም። አባ ገብረ ሥላሴ ቀኑን የሚውሉት ደግሞ በግቢው በር አጠገብ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጥላ ሥር ነበር። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ጎንበስ ብለው ይፍቃሉ። ቆዳው ተፍቆ ተፍቆ ብራና ሲሆን ለሚጽፍ ሌላ መነኩሴ ይሰጡታል። ሽታው ከበሩ ውጭ ነው የተቀበለኝ። የሞተ ሰው እንዲህ እንደሚሸት ስላመንሁ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ ቀረሁ።

ቀና አሉ። ፂማቸው ነጭ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ግራ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቷል። በቀኙ ለማየት ፊታቸውን ዞር አድርገው በጎን አዩኝ።

"ይህች ማን ናት?"

"የጎረቤት ልጅ ናት አባ" አለች አክስቴ፣ ከኔ ቀድማ።

"ስምሽ ማነው?"

"ሉባባ።"

አክስቴ ስሙን እንድለውጥ መንገር ረስታ ነበር። አባ ግን ምንም አላሉም። ቢጫ ጀሪካን በመፋቂያ ስለታቸው ጫፍ አሳዩኝና፣ "ከምንጩ ውሃ ቅጂልኝ፤ ቆዳው እየደረቀብኝ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ምንጩ ከበሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጀሪካኑን እስከ ግማሹ ሞልቼ እያዘገምሁ አወጣለሁ፤ ቆዳ የሚዘፈዘፍበት ገንዳ ላይ እገለብጠዋለሁ። አክስቴ ሽምብራዋን አድርሳ ከቅጥሩ ውጭ ከሚኖሩት መነኮሳዪያት ጋር እህል ስትለቅም እኔ ከአባ ጋር እውላለሁ። ብዙ አያወሩም። የሞቱ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሲተነፍሱ አያቸው ነበር። አንድ ቀን እጃቸው በስለቱ ተቆርጦ ደም ሲወጣ አየሁና ለአክስቴ ሮጬ ነገርኋት። እሷ መቆረጣቸው አሳስቦኝ መሰላት።

ሥዕሎቹን ያየሁት ዝናብ አላሠራቸው ባለ ቀን ነው። "ነይ፣ ጫማሽን አውልቂ" አሉኝና ጧፍ ይዘው ከፊት ገቡ። ዋሻው ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃ የሆነ ቦታ ጠብ ጠብ ይላል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰው ነው። ጧፉ በተጠጋበት ፊት ይወጣል፣ ሲርቅ ይጠፋል። ቀዩና ቢጫው በጢስ ጠቁሯል፤ ዓይኖቹ ግን ነጭ ናቸው፣ ሁሉም ትልልቅ።

"ለምንድነው ሁሉም ያፈጠጡት?"

"ማን ገባ ብለው ነዋ" አሉ አባ።

ከአንዱ ጥግ ወታደሮች ሕፃናት ይዘው ቆመዋል። እነሱ ፊታቸው በጎን ነው፤ አንድ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ሌላኛው ዓይናቸው የት እንደሄደ ጠየቅሁ።

"ሠዓሊው ክፉ ሰው ሲሥል በአንድ ዓይን ነው የሚሥለው። ደጉን በሁለት። የጥንት ሰው እንዲህ ነው ያደረገው፤ ማንበብ የማይችልም ለይቶ እንዲያውቅ።"

አባን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጧፉን ይዘው ግድግዳውን በጎን ያያሉ፤ ከእኔ በኩል አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ እሳቸው ሁለት ነገር አወቅሁ፤ ሞተዋል፣ ክፉም ናቸው።

ወደ መውጫው ስንመለስ አህያ ላይ የተቀመጠች ሴት ልጅዋን ታቅፋ አየሁ። "መርየም ናት!" አልኩ፣ ስላወቅኋት ደስ ብሎኝ።

"ማርያም ናት። በበረት ወልዳ፣ ከዚያ ሲያሳድዷት ነው ይሄ።"

"በበረት አይደለም። በዘንባባ ሥር ነው የወለደችው። ሸኻችን ነግረውናል።"

ጧፉ ቆመ።

"ሸኻችሁ?"

"ቁርዓን ቤት።"

አባ በጎን አዩኝ። እኔም የአክስቴን ውሸት እንዳፈረስሁ ገብቶኝ ወደ በሩ አየሁ። "እንግዲያ የእስላም ልጅ ነሽ" አሉ። "አዎ" አልኩ። "እሺ። ጫማሽን አድርጊና ውሃውን አምጪ።" ሌላ አልጠየቁኝም። ዝናቡ ገና እየዘነበ ነበር፤ ገንዳውም ሞልቷል። ቢሆንም ሄጄ ቀዳሁ።

ያን ቀን ስንወርድ አክስቴን፣ "አባ እናቴን ምን አደረጓት?" አልኳት። መንገዱ ያዳልጣል፤ እጄን ይዛኛለች። መልስ የሰጠችኝ ሜዳው ላይ ስንደርስ ነው። እናቴ አባቴን አግብታ ስትሰልም አባ ገና ገበሬ ነበሩ። ተቆጡ፣ ግን ምንም አላደረጉም። ከዓመት በኋላ አያቴ ሞተች። እናቴ እኔን አርግዛ ከደሴ ለቅሶ መጣች። አባ በለቀስተኛው ፊት ተነሥተው፣ "አንቺ እናት የለሽም፣ ተመለሽ" አሏት። አልገባችም። አባቴ ከበሩ ላይ ይዟት ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት አባ መሬቱን ለአክስቴ ትተው መነኮሱ።

"እናትሽ ተዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ሰው ልካ ነበር፤ 'ለዓለም ሞቻለሁ በሏት' አሉ" አለች አክስቴ። "ምን ታደርጊዋለሽ? ሰው ሲያፍርም ይደበቃል።"

መጨረሻ ላይ ያለችው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ፍልሰታ ገባ። መነኮሳቱ ቀኑን ሙሉ ጾመው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ነው የሚበሉት። አክስቴም ትጾማለች፤ እኔን ግን ጠዋት ጠዋት ወተት ታጠጣኛለች። "ሥጋማ የለም፤ የእስላም ነው የክርስቲያን የሚል ጣጣም የለብን" ትላለች። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ከሰዓት በኋላ የአባቴ አይሱዙ ጡሩምባ ተሰማ። ሊወስደኝ የመጣ መስሎኝ ስሮጥ ፊቱን አየሁና ቆምሁ።

"ጥሩነሽ፣ ደም እየፈሰሳት ነው" አለ አባቴ። "ሐኪሞቹ ሆዷን ሊቀዷት ነው። የኔ ደም አልገጠመም። የሠፈር ሰው ሰጥቷል፣ ወላሂ ያልሰጠ የለም፤ ገና ይፈልጋል ብለውኛል። እህቷ ነሽ፣ ነይ።"

አክስቴ ነጠላዋን ልትይዝ ወደ ውስጥ ሮጠች። አባቴ ከመኪናው በር ላይ ተደግፎ እጁን ያሻሻል። እኔን የሚያየኝ የለም። እኔ ዳገቱን ያዝሁ።

አባ ክፉም ይሁኑ የሞቱ፣ ደም እንዳላቸው አይቻለሁ። ስደርስ ጥላዋ ሥር አልነበሩም። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ከጀርባው ቅጥር ውስጥ አንድ ድምፅ ሲያነብ ይሰማል። አልፌ ገባሁ። ዝቅ ባለ ረጅም ቤት ውስጥ መነኮሳቱ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይመገባሉ፤ አንዱ ቆሞ ያነብላቸዋል። በሩ ላይ እግሬ ጭቃ፣ ቀሚሴ ውሃ ሆኖ ስቆም ንባቡ ተቋረጠ።

"ሴት ልጅ ተዚህ ምን ትሠራለች?" አለ አንድ ድምፅ።

አባን ከመጨረሻው አየኋቸው። "አባ፣ እናቴ ፀሐይ ናት" አልኩ። "የእርስዎ ልጅ ፀሐይ። ደም እያለቀባት ነው።"

የገዳሙ አስተዳዳሪ፣ ሁሉም መምህር የሚሏቸው ወፍራም ሽማግሌ፣ እንጀራ በእጃቸው እንደያዙ ነበር። "አባ ገብረ ሥላሴ፣ ይህች ልጅ የምትለው እውነት ነው?"

አባ ወደ ሳህናቸው አቀርቅረዋል። ሞቻለሁ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"እውነት ነው" አሉ። "ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።"

"እኛ የምናውቀው አንዷን ነው።"

"ሌላዋን እኔ ደብቄያት ነው። ሰልማለች።"

መምህሩ አፋቸው ውስጥ ያለውን አላምጠው ዋጡ። "ሰለመችም አልሰለመችም የምትሞተው አንዱን ሞት ነው። ምን ያስቀምጥዎታል? ይነሡ እንጂ!" ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። "ከእናንተስ ደም ለመስጠት የሚበረታ ማነው? አብራችሁ ውረዱ።"

ሦስት ወጣት መነኮሳት ተነሡ። አንደኛው፣ አባ ተክለ ማርያም የሚባለው፣ ያልጨረሰውን እንጀራ ጠቅልሎ እየጎረሰ ነው የወጣው።

አባቴ ከዳገቱ የሚወርደውን ሰልፍ ሲያይ ከመኪናው በር ላይ ቀና አለ። አማቱን ያያቸው አንድ ጊዜ፣ ያቺን የለቅሶ ቀን ብቻ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ የሚጣሉ መስሎኝ ነበር።

"እንደምን ዋሉ አባ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሰይድ ማለት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"በል እንሂድ።"

ወጣቶቹ ከኋላ፣ በሸራው ሥር፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች መካከል ተቀመጡ። ሳጥኖቹ እስከ ደሴ ሲንጫጩ ተሰማኝ። አክስቴ ከአባቴ አጠገብ፣ አባ ከበሩ በኩል፣ እኔ በመካከል በአክስቴ ጭን ላይ ነኝ። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፋል፤ የሚሠራው አንዱ መጥረጊያ ብቻ ነው።

"ይህ መጥረጊያ አይሠራም?" አሉ አባ።

"ተሰብሮ ነው አባ። ዛሬ ነገ እያልሁ።"

"መንገዱ ይታይሃል?"

"ይታየኛል፤ አብሽሩ።"

ከዚያ አባ ወደ እኔ ዞሩ። በእኔ በኩል ያለው የነጣው ዓይናቸው ስለነበር በጎን ሊያዩኝ አልቻሉም፤ አንገታቸውን አዙረው ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ አመጡት። እንዲህ ሲያዩኝ የመጀመሪያ ነበር። ሁለት ዓይን ነበራቸው፤ አንዱ የታመመ፣ ሁለቱም የሚያለቅሱ።

ሐኪም ቤት የደም ክፍሉ ነርስ የሁሉንም ጣት ወግታ መረመረች። አክስቴን፣ "አንቺ ራስሽ ደም አንሶሻል" ብላ መለሰቻት። አባ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክንዳቸው ጠቅልለው ቀረቡ።

"ሽማግሌ ነዎት አባ፤ ከእርስዎ አንወስድም።"

"ወላጅ ነኝ እኮ።"

"ይቀመጡ አባቴ፤ እነዚህ ይበቁናል።"

ከሦስቱ ወጣቶች የገጠመው የሁለቱ ደም ነው። ሲጨርሱ ሻይና ብስኩት ሰጠቻቸው። አባ ተክለ ማርያም ብስኩቱን አገላብጦ አየና፣ "እህቴ፣ ወተት ይኖርበት ይሆን?" አላት። ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቀችና በምትኩ ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረችለት። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰቡት የሠፈራችን ሴቶች ዱዓ እያደረጉ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ግራና ቀኝ ለቀቁለትና አንዷ፣ "አላህ ይስጥልን ልጄ" አለችው።

እናቴ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር። አባቴና የሠፈሩ ወንዶች በነጋታው ቀበሩት። እኔ አልሄድሁም፤ አባቴ ግን ቆይቶ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ አባ መቋሚያቸውን ይዘው ከቀባሪው ኋላ ሄደዋል፣ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ አፈር ሲመለስ ግን ቀርበው በእጃቸው አፈር ጨምረዋል።

እናቴ አባን ያየቻቸው ከዚያ ሲመለሱ ነው። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከበሩ ላይ ቆሙ። የእናቴ ፊት እንደ አንሶላው ነጥቷል። አየቻቸው።

"ማን ጠራዎት?"

"ልጅሽ።"

"እኔ ያን ጊዜ እናቴን ልቀብር ነበር የመጣሁት" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "አፈር እንኳ ሳልጨምርባት።"

"በደልኩሽ" አሉ አባ። "ከዚያ አፈርሁና ቆቡን መደበቂያ አደረግሁት።"

አክስቴ ልታለቅስ ስትል እናቴ በእጇ ከለከለቻት። ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየን። የምትታረቅ መስሎኝ ስጠብቅ፣ "አሁን ደክሞኛል" አለች። "ነገ ይምጡ።"

የመምህሩ ፈቃድ ለስንት ቀን እንደነበር አላውቅም። ወጣቶቹ ተመለሱ፤ አባ ግን ቀሩ። እኛ ቤት አደሩ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ጎሕ ሲቀድ አባቴ ምንጣፉን ወደ መካ አንጥፎ ይሰግዳል፤ አባ ከመስኮቱ ሥር ወደ ምሥራቅ ቆመው ይጸልያሉ። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እጠብቃለሁ፤ ሁልጊዜ አባቴ ነው የሚጨርሰው። ከዚያ እሳቸውን እንዳይረብሽ በእግሩ ጣት እየሄደ ሄዶ በሩን ይከፍታል።

ቀን ቀን አባ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። እናቴ አንዳንድ ቀን ታናግራቸዋለች፣ አንዳንድ ቀን አታናግራቸውም። ባታናግራቸውም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ቀን ስለ እናቷ መቃብር ጠየቀቻቸው፤ የት ጋ እንደሆነ፣ ምን እንደበቀለበት። ኮሽም በቅሎበታል አሏት። ሌላ ቀን ተቆጣቻቸው፤ ነርሷ መጥታ ዝም አሰኘቻት። በማግስቱም ሊጠይቋት ሄዱ።

እናቴ ቤት የገባችው ፍልሰታ ሲፈታ አካባቢ ነው። አባ ሊሄዱ ተነሡ። ከቤታችን እስከ መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን ያን ጊዜ ሩቅ ነበር። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ተነሣች።

"ተይ፣ ቁስልሽ አልደረቀም" አሉ አባ።

"እስከ መኪናው ነው።"

እኔ ከኋላቸው ሄድሁ። ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ እሳቸውም ስለ እሷ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም። መናኸሪያው ጭቃ ነበር። የአክስቴን አገር የሚጠራው ረዳት በሩን ይዞ ቆሟል፤ እናቴን በሻሿ፣ አባን በቆባቸው ተራ በተራ አየ።

"ሁለታችሁም ናችሁ የምትሳፈሩት?"

"የለም" አለች እናቴ። ትንፋሽ አጥሯት ቆም አለች፤ ከዚያ ከክንዳቸው በታች እጇን ሰዳ ወደ ደረጃው አስጠጋቻቸው። "እሳቸው ናቸው የሚሄዱት። አባቴ ናቸው።"

"እሺ እህቴ" አለ ረዳቱ፣ ሌላ ሰው እየጠራ። "አባትሽን ከፊት አስቀምጪያቸው፤ ከኋላ ይንጣቸዋል።"